የፊተኛው ፉርጎ

ሽማግሌው ሳፓሎ የባቡር ወሬ ከጀመረ የሚያስቆመው እንቅልፍ ብቻ ነው። በጦርነቱ ዘመን ከኩባል ወደ ሁዋምቦ የሚወጣውን ባቡር ስድስት ዓመት በወታደርነት አጅቧል። የባሕር ዛፍ ግንድ እየጎረሰ ዳገቱ ላይ ስለሚያቃስተው ጎታች ባቡር፣ ከጠላት ጥይት ይልቅም ቁንጫ እንዴት እንደፈጃቸው ሲያወራ በካላ ከተማ ያልሳቀለት ሰው የለም። ከጎታቹ ፊት እየተገፉ ስለሚሄዱት አሸዋ የተጫኑ ሁለት ፉርጎዎችም ያወራል። ሐዲዱ ላይ ፈንጂ ካለ እነሱ ይርገጡት ተብሎ ነው። ትኬት መግዛት ያልቻለ ሰው አሸዋው ላይ በነጻ ይሳፈር ነበር። ከጋንዳ ጣቢያ ወዲህ በአንድ ጠዋት የሆነውን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ባለፈው ሐምሌ የልጅ ልጁ ሆሲ ሊያገባ ሆነና የሙሽራዋ አያት ቺቪንዳ ከኩባል መጡ። ሽማግሌዎቹ ከወንድ ዘመዶቻቸው ጋር በወንዶቹ ዳስ ተቀመጡ፤ የበቆሎው መጠጥ ኪሳንጓ ተቀዳ። ወጉ የታወቀ ነው። እንግዳው የመንገዱን፣ የቤቱን፣ የቤተሰቡን ደስታና ሐዘን በቅደም ተከተል ይናገራል፤ ከዚያ ባለቤቱ የራሱን ይመልሳል። መዝለል ነውር ነው። ሳፓሎ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ሲዘል ኖሯል።

ቺቪንዳ ቀስ ብለው ተናገሩ። መንገዱ ደህና ነበር፤ በቆሎው ዘንድሮ አልያዘም። ልጆቻቸውን በየተራ አነሡ። ሚስታቸው ናንጌቬ ግን በጦርነቱ ጊዜ የታመመች እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ከጋንዳ ወዲህ በፊተኛው ፉርጎ ላይ ሆና ፈንጂ እንደበላት ተናገሩ። ፊታቸው ላይ ከሐዘን ይልቅ ቂም ይታይ ነበር።

ሳፓሎ የትኛው ጠዋት እንደሆነ አወቀ። ያን ጠዋት የሞተችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። ቢናገር ደግሞ ሰርጉ ይፈርሳል፤ ሆሲ ልጅቷን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚወዳት። ተራው ሲደርስ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቶቹ አወራ። ጦርነቱ ላይ ሲደርስ መጠጡን መሬት አስቀመጠ።

«ያን ጠዋት አጃቢው እኔ ነበርኩ» አለ። «ባለቤትዎ ትኬት ቆርጣ መንገደኞቹ መሐል ተቀምጣ ነበር። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ ቦታ አጣሁላት። ባለቤትዎን በጠመንጃ አስነሥቼ አሸዋው ላይ የሰደድኳት እኔ ነኝ። ትኬቷን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። እንዳላየ ሆንኩ።»

ዘመድ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ያኔ በሆድ የነበረው የሆሲ አባት ነው፤ እዚያው ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። የሳፓሎ ሚስትማ ያ ቦታ እንዴት እንደተገኘላት ሳታውቅ ነው የሞተችው።

ቺቪንዳ አፋቸውን ሲከፍቱ አንቱታውን ትተውት ነበር።

«ስማ፤ የትኬቱን ገንዘብ በእጇ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ፊት የሚሳፈረው በነጻ የሚሄድ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡን ልታስቀር ብላ ሞተች አልኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ስግብግብ እያልኩ ስሰድባት ኖርኩ። ለገዛ ልጆቿም እንዲሁ ነው የነገርኳቸው። ስሟ ለልጅ ልጅ እንዳይወጣ እንኳ ከለከልኩ።»

አለቀሱ። ያንን ማየት ከባድ ነበር። ሳፓሎ ሊንበረከክ ሲል በእጃቸው አገዱት፤ ይቅርታ የሚጠየቁት እሳቸው እንዳልሆኑ ነገሩት። ስለ ሰርጉ ሊጠይቅ የደፈረ ሰው አልነበረም።

ቺቪንዳ ባርኔጣቸውን አንሥተው ቆሙ።

«ሰርጉ ይሁን» አሉ። «ልጆቹ መጀመሪያ የሚወልዷት ሴት ልጅ ናንጌቬ ትባላለች። የምታድገውም አንተ ቤት ነው። በየቀኑ በስሟ ትጠራታለህ፤ ወዳለህበት በመጣች ቁጥር ከወንበርህ ተነሥተህ ታስቀምጣታለህ።»