ሻያችንን ያልጠጣችው ጎልፈኛ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። በሰው አገር፣ ሊልበርን ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ከጠበቃው ይልቅ የሰማሁት ይህን ተረት ነው። ምድር ቤቱን ስናከራይም ሚስቴ ሰው ትመርጣለች፣ እኔ እጠረጥራለሁ። አንዲት ቻይናዊት ልትከራይ ስትመጣ ግን ሚስቴ ገና ስታያት ወደደቻትና ሳታማክረኝ ቁልፍ ሰጠቻት።

ልጅቱ ሥራዋ ጎልፍ እንደሆነ ነገረችን። እኔ በታክሲዬ ጎልፍ ሜዳ የማመላልሳቸው ሰዎች ሁሉ ከሥራ የሚሸሹ ስለሆኑ አላመንኳትም። ቀን ቀን ከታች ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብርድ ልብስ ሰቅላ ኳስ ትመታበታለች። እሱስ ይሁን። እኔን ያንገበገበኝ ከእጃችን ምንም አለመቀበሏ ነው። ውሃ እንኳ የምትጠጣው ራሷ ከከፈተችው የታሸገ ጠርሙስ ነው፤ አስቀምጣው ዘወር ካለች ተመልሳ አትነካውም፣ ትደፋዋለች። ፍሪጇን ትቆልፋለች። ከማን ነው የምትቆልፈው? ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ሚስቴና አማቴ ብቻ ነን።

አማቴ የወሎ ሴት ናቸው፤ ከቤታቸው ሰው አፉን ሳያሟሽ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን የጦስኝ ሻይ አፍልተው ወረዱ፣ እኔም ላስተረጉም ተከተልኳቸው። ልጅቱ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይቅርታ፣ አልችልም» አለች። አማቴ አልተቆጡም። እንደ ድሮ አሳላፊ ከሻዩ ጠብታ መዳፋቸው ላይ አንጠባጥበው ፊቷ ቀመሱላት፤ መርዝ የለበትም ማለታቸው ነው። ነገሩ ገባት መሰለኝ ፊቷ ቀላ። ግን አልጠጣችም።

ደረጃውን ስንወጣ ደሜ ፈላ። «እማማ፣ መርዘኞች አድርጋናለች እኮ! ነገውኑ የመልቀቂያ ኖቲስ እሰጣታለሁ።»

«ተው ልጄ» አሉ። «ይቺ ልጅ አንድ የነካት ነገር አለ።»

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ በር ተንኳኳ። ሳጥን የያዘች ሴት የልጅቱን ስም ጠርታ ጠየቀችኝ። ፖሊስ መስላኝ በደስታ አስገባኋት፣ ከኋላም ተከተልኳት። ሴትየዋ ልጅቱን ተከትላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ስትወጣ ትንሽ ጠርሙስ እያሸገች ነበር፤ ሽንት ነው። አፍሬ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ሴትየዋ ስትሄድ ልጅቱ ራሷ ወጥታ ነገረችን። ሴትየዋ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች የተከለከለ መድኃኒት መውሰድ አለመውሰዳቸውን የምትመረምር ናት፤ ቀጠሮ የሚባል ነገር አታውቅም። ልጅቱ በፊት ትልልቆቹ የሴቶች ውድድሮች ላይ ትጫወት ነበር። አገሯ ሄዳ ሳል ሲይዛት አክስቷ ቅጠላቅጠል ቀቅላ አጠጣቻት፤ በምርመራ የተከለከለ ነገር ተገኘባትና ታገደች። ስፖንሰሮቿ ሸሹ፣ አሠልጣኟ ስልክ ማንሳት ተወ። እገዳው ሲያበቃ ከትንንሽ ውድድሮች ጀመረች። በመጪው መኸር ወደ ትልልቆቹ የሚመልሰው ማጣሪያ አለ፤ እሱን ካላለፈች ጎልፍ አበቃ።

«አክስቴም መጀመሪያ ራሷ ቀምሳ ነው የሰጠችኝ» አለች አማቴን እያየች።

ሚስቴ አለቀሰች። እኔ ጠባይ ነውና ይህንንም ጠረጠርኩ። «በአክስት ማሳበብ ቀላል ነው። ሻያችንን የጠጣች ቀን አምናታለሁ» አልኩ።

ማጣሪያው ባለቀ ማግስት ከሰዓት በኋላ መጣች። የጎልፍ ቦርሳዋን ደጃፍ ላይ ትታ ቀጥታ ወደ እኛ ማዕድ ቤት ገባች። አማቴ የጦስኝ ሻያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠችና መዳፏን ዘርግታ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች። ቀመሱላት። ብርጭቆውን ተቀብላ እስከ ጭላጩ ጠጣችው።

«ይኸው! አመነችን!» ብዬ አጨበጨብኩ።

አማቴ በዓይናቸው ገሠጹኝ። ልጅቱ ብርጭቆዋን እንዲደግሙላት ገፋ አደረገችላቸው።

«ጎልፍ ማቆሜን ለመርማሪዎቹ ጽፌላቸዋለሁ» አለች። «ከእንግዲህ ማለዳ የሚያንኳኳብኝ የለም።»

አማቴ ሻዩን ደገሙላት። እኔ ያጨበጨብኩባቸውን እጆቼን የማስገባበት አጣሁ፤ ምነው ዕድሜ ልኳን እንደጠረጠረችን በኖረች አልኩ።