ገና አረንጓዴ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራየችው አዲሷ መምህርት አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ወይን አየችና «እትዬ፣ ይሄ መቼ ነው የሚበስለው?» አለችኝ። ከበሰለ ሳምንት አልፎታል። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ሆዴ ባባ። የዛሬ አሥር ዓመት እኔም እዚሁ አምቦ እንደ እሷ ቆሜ ነበር፤ ልዩነቱ አጠገቤ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ኦሮምኛ አልችልም። በመምህራን ማረፊያ ጨዋታው ሲደራ ቀልዱ የሚተረጎምልኝ ሁሉም ስቆ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ ብቻዬን ዘግይቼ እስቃለሁ። ኋላ እሱም ሰለቸኝና መግባቱን ተውኩ።

የተከራየሁት ኦቦ ደበላ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ግቢ ነበር። በጉልምስናቸው ጉደር የወይን እርሻ ሲሠሩ አንድ ቅርንጫፍ አምጥተው ተክለው ነበርና እንደ ዳስ ደጃፉን ሸፍኖታል። «ድቡልቡል አተሬ ነው» አሉኝ፤ ፍሬው እንደ አተር ክብ ስለሆነ። ከሥራ ስመለስ ከሥሩ ተቀምጠን የባቄላ ቆሎ እንቆረጥማለን። «አካም ኦልቴ፣ ኢንታለ ኮ?» ይሉኛል፤ ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ ማለታቸው ነው። በዚያ ከተማ ውሎዬን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ጥር ሲገባ እግራቸውን አመማቸውና ልጃቸው ጫልቱ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው። ከታከሙ በኋላም ብቻቸውን ይሆናሉ ብላ ልትመልሳቸው አልፈለገችም። ተከራክረው ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ወይኑ ሲደርስ ለለቀማው ትመልሳቸዋለች፣ ከዚያ ወዲያ መቅረት ከፈለጉም አትከለክላቸውም። ወይኑን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ።

እሑድ እሑድ ይደውላሉ።

«ደረሰ ወይ?»

«ገና ነው አባባ። አረንጓዴ ነው።»

«እሺ፣ ይቆይ። ዘንድሮስ ዘገየ።»

ብርድ አገር ላደግኩት ለእኔ ወይን ማለት ጥቁር ነው። ቀለሙን እንኳ ወይን ጠጅ ብለን የለ? ስለዚህ እስኪጠቁር ጠበቅኩ። ፍሬው ሞላ፣ ቆዳው ሳሳ፣ የከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ። እኔ ግን አንዲት ፍሬ አልቀመስኩም። ባለቤቱ ሳይቀምሱ እኔ ማን ነኝ? ይሉኝታ ያዘኝ እንጂ ሆዴስ ቋምጦ ነበር። ጭር ባለው ግቢ ሽሮዬን ለብቻዬ ስበላ ቀና እያልኩ «ቶሎ ጥቆርልኝ» እለዋለሁ።

በአምስተኛው እሑድ ወፍ ወረደበት፤ ንብም ተከተለ። ስልኩ ሲጠራ እንባዬ ሊመጣ ደርሶ ነበር።

«አባባ፣ ጥሬውን ወፍና ንብ ፈጀው!»

«ንብ ጥሬ አይበላም» አሉ። «አረንጓዴነቱ እንደ ቅጠሉ ነው?»

ያን ቀን ገና በደንብ አየሁት። «አይደለም፤ ወደ ማር የሚሄድ ነው።»

«ልጄ፣ ነጩ አተሬ እኮ ነው! አይጠቁርም። አልነገርኩሽም እንዴ?»

አልነገሩኝም። ያን ያህል ዘመን አብረውት ሲኖሩ ነጭነቱ ለሰው መነገር እንዳለበት ረስተውታል። መመለሳቸውን ከእሳቸው ባላነሰ የምናፍቀው እኔ፣ እሑድ በመጣ ቁጥር በገዛ አፌ ስከለክላቸው ከርሜያለሁ።

የተረፈችውን አንዲት ዘለላ በሳህን ይዤ በማግስቱ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጊንጪ ላይ መኪናው ሲቆም ጭማቂው ቀሚሴ ላይ ፈስሶ ነበር። ኦቦ ደበላን ጫልቱ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አንዲት ፍሬ በብርሃኑ አንጻር ያዙ፤ ዘሩ ቡናማ ሆኖ ከውስጥ ይታያል። «ሲደርስ እንዲህ ነው» ብለው አጎረሱኝ። ይጣፍጣል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ሎሚ ልጣጭ መረር ይላል። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

ጫልቱም ክፉ ሰው አይደለችም። «ለቀማው ካለፈ እዚያ ምን ይሠራሉ? ለከርሞ ይሁን» አለች። ለከርሞ አልደረሱም።

ግቢው ሲሸጥ ቀድሜ አንድ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፤ የዛሬው ወይኔ እሱ ነው። አሁን ኦሮምኛው ገብቶኛል፣ ከሰው እኩል እስቃለሁ። እሑድ ስልክ ሲጠራ ግን ዛሬም ደንገጥ እላለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ለመምህርቷ አንድ ዘለላ ቆርጬ ሰጠኋት።

«እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ» አለች።

«ተይ፣ አንቺ ቅመሺ» አልኳት፤ ሳላስበው ድምፄ ጠንከር አለ። ያን ጊዜ አንዲት ፍሬ ሰርቄ ብበላ ኖሮ ሽማግሌው ቤታቸው ይገቡ ነበር።