የማንዚማንዴ አላርምና የመብራት ፈረቃ

ጎረቤቴን ማንዚማንዴን ከሥራ ስመለስ ነው ያየኋቸው። አላርማቸው ሲጮኽ የሚመጣው የጥበቃ ድርጅት መኪና ደጃፋቸው ቆሟል። ጠባቂው ዱሚሳኒ አጥሩ ሥር ተቀምጦ አንድ ጫማውን አውልቋል፤ ማንዚማንዴ በሰባ ዓመታቸው ተንበርክከው የተላጠ ተረከዙን በጨው ውኃ ያጥቡለታል። በዚያ ሳምንት አላርማቸው በውሸት ጮኾ ሲጠራው ሦስተኛ ጊዜው ነበር።

«ማ፣ ይተዉት፤ ሌላ ጥሪ አለብኝ» ይላቸዋል፤ «ማ» እኛ ጋ እናት ማለት ነው።

«ሌባው ይጠብቅህ። በዚህ እግርህ ሮጠህ ልትይዘው ነው?»

ስማቸው ኖማጉጉ ነው። እኛ ግን በአባታቸው ቤት ስም ማንዚማንዴ እንላቸዋለን። እዚሁ ከተማችን ፒተርማሪትዝበርግ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው።

አላርሙን ያስገጠሙት ቤቱን የሸጡላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሃያ ዓመት አልፎታል። መብራት በፈረቃ መጥፋት ሲጀምር ጠባዩ ተበላሸ። መብራት ሲሄድ በባትሪው ይቆያል፤ ባትሪው ሲደክም ግን ሰፈሩን በጩኸት ያናውጣል። ባለሙያ ጠሩ። ሰውዬው የአላርሙን ሳጥን ክዳን ከፍቶ ሳቀ።

«ማ፣ ይሄ እኮ ከእኔ ይበልጣል። አሮጌ አይታከምም፤ አዲስ ያስገጥሙ።»

«እኔም አሮጌ ነኝ፤ አፍህን ሰብስብ።»

አዲስ ባትሪ ብቻ አስገቡ። ሁለት ወር ሳይሞላ እሱም ደከመ።

ልጃቸው ሙዚ ፕሪቶሪያ ነው የሚኖረው፤ በመኪና ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። እናቱን ይወዳል፤ ፍቅሩ ግን ጭንቀት ይበዛበታል። እሳቸው ስልክ ካላነሱ ድርጅቱ የሚደውለው ለእሱ ነው። በጥር መጨረሻ ቁርጡን ነገራቸው።

«ማ፣ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ያ ሳጥን ዝም ካላለ ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ትገቢያለሽ።»

«እኔ ዕቃ ነኝ እንዴ የምትጭነኝ?»

«ዕቃ ብትሆኚማ ዛሬውኑ ጭኜሽ ነበር።»

ፕሪቶሪያን ያውቁታል። «ምራቴ ደግ ናት» አሉኝ፣ «ግን ሁሉም ሥራ ሲሄድ ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚያናግረኝ የለም። እዚህ የሐሙስ ጸሎቴ አለ፤ የባሌ መቃብር አለ። አልሄድም።»

በማግስቱ የተማሪ ደብተር ገዙ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ማሽን ሲያስቸግር ሰዓቱን መጻፍ ልማዳቸው ነበር። መብራት የጠፋበትን፣ የመጣበትን፣ አላርሙ የጮኸበትን መዘገቡ። እሳቸው የዋሉበትንም ጻፉ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «እኔም የቤቱ ዕቃ ነኝ» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ይዘው ቤቴ መጡ።

«እስቲ ተመልከቺው። ጩኸቱ ሁልጊዜ የሚመጣው ከማክሰኞ፣ ከሐሙስና ከእሑድ በኋላ ነው። ክሊኒክ፣ ጸሎት፣ ቤተ ክርስቲያን። እኔ ከቤት የምወጣባቸው ቀኖች ናቸው።»

«ሲወጡ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው የሚያደርገውን ነበር የሚያደርጉት። የግቢው በር ሞተር ባትሪና የአላርሙ ባትሪ መጠናቸው አንድ ነው። መብራት ጠፍቶ በሩ አልከፈት ሲል የአላርሙን ባትሪ ነቅለው ለበሩ ያውሱታል። ሲመለሱ የደከመውን ወደ ሳጥኑ ይመልሱታል፤ በደንብ ሳይሞላ ቀጣዩ ፈረቃ ይደርሳል።

«እኔ ጅል» አሉ። «ቤቴን ትቼ በምወጣበት ቀን ቤት የሚጠብቀውን ባትሪ ለበር ከፋችነት እቀጥረዋለሁ ማለት ነው።»

ሳቅን። እኔም ቤት ያለው ባትሪ እንዲሁ ሲመላለስ የኖረ ስለሆነ፣ ሳቄ ቶሎ አለቀ።

አዲስ ባትሪ ገዝተው ሳጥኑ ውስጥ በገዛ እጃቸው ገጠሙት፤ ዳግም አልነቀሉትም። በሩን ከሞተሩ አላቀቁት፤ ሐዲዱን ጠርገው ግሪስ ቀቡት፤ ከዚያ በኋላ እየገፉ ይከፍቱት ጀመር። የጎረቤት ሰዎች «ማንዚማንዴ፣ ስፖርት ጀመሩ እንዴ?» ይሏቸዋል። «እናንተ ቆማችሁ ሞተር ስትለምኑ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሻለሁ» ይላሉ። ወገባቸው እንደሚያማቸው አውቃለሁ። አንድ ቀን ግን በሩን እየገፉ መዝሙር ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ፣ እንዲህ ያለች ጎረቤት ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

አላርሙ ከዚያ ቀን እስከ ፋሲካ አንዴም አልጮኸም።

ሙዚ ለበዓሉ መጣ። ቅዳሜ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሰዓቱን እያየ ሳጥኑ ሥር ተቀመጠ። አላርሙ ትንፍሽ አላለም።

«እሺ፣ አሸነፍሽ» አላቸው። «ግን በእውነት የጮኸ ዕለትስ? ዱሚሳኒ ቁልፍ የለውም። አንቺ ጸሎት ላይ ብትሆኚ የሚደወለው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ ስድስት ሰዓት እርቃለሁ። ማን ይከፍትለታል? እሱን ካልነገርሽኝ ሐሳቤን አልቀይርም።»

 ሁለቱን ሌሊት ሲያስቡበት አደሩ መሰለኝ፤ በፋሲካው ማግስት ማለዳ በሬን አንኳኩ። በአንድ እጃቸው የድርጅቱን ቅጽ፣ በሌላው የቤታቸውን ትርፍ ቁልፍ ይዘዋል። አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ፣ ሙዚ ከሰዓት በኋላ ይሄዳል። እዚህ ጋ «ሁለተኛ ተጠሪ» ይላል፤ እኔ ካላነሳሁ የሚደወልለት፤ የእሱ ነው የተጻፈው። በእግሩ መጥቶ የሚከፍት ሰው ነው የሚያስፈልገኝ። እሱን ሰርዤ ያንቺን ልጻፍ?»