እማማ ሐዋን የዋጠው አረንጓዴ ጨርቅ

ሰኞ፣ ከመርካቶ ጊምቢ

አሶሳ የሄድኩት ያጠፋኋትን እናት ልመልስ ነው። አትደንግጡ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። አሶሳ ያለችበት ክልል ገና አዲስ በነበረበት፣ እኛም አዲስ አበቤዎች ስሙን ለመጥራት ምላሳችንን በምናለማምድበት ጊዜ፣ አሶሳ ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ በሽር የሠርግ ቪዲዮ እየቀረጸ እንዳቀናብርለት ይልክልኝ ነበር። ያን ሰሞን ያገባችው ራውዳ ከባሏ ጋር ካርቱም ልትኖር ነው። የእናቷ ምርቃት ከጀርባው ያማረ ሥፍራ እንዲገባበት ፈለገች። እኔም በስልክ በሽርን፣ ከኋላ አረንጓዴ ጨርቅ ስቀል፣ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን ቆርጦ አውጥቶ የፈለግነውን ያስገባል አልኩት። በሙያው ክሮማ ኪ ይሉታል።

በሽር ሰቀለ። ታዲያ ገበያ ወጥቶ ስፌት የሌለው ሰፊ አረንጓዴ ጨርቅ ሲፈልግ ያገኘው ቶብ ነበር፤ የአገሩ ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበት ረጅም ስስ ጨርቅ። የራውዳ እናት እማማ ሐዋ ደግሞ ከዚያው ነጋዴ የተገዛ፣ ቁርጥ ያንኑ አረንጓዴ ቶብ ለብሰው ተቀመጡ። የካሜራው መመልከቻ ጥቁርና ነጭ ስለነበር በሽር ልብ አላለም። የእኔ ኮምፒውተር ጨርቁንም ቶቡንም እኩል ዋጣቸው። ከእማማ ሐዋ የተረፈው አንድ ፊትና ሁለት እጅ ነው፤ ፏፏቴ ፊት ተንሳፍፎ ይመርቃል።

አልዋሽም፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ፤ ለበሽርም ደውዬ ነገርኩት። በማግስቱ ራውዳ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዓርብ መሄዴ ነው። እናቴን ሳልይዝ ልሂድ?»

በስልክ ያበላሸሁትን በስልክ አላቃናም ብዬ ላፕቶፕ ከጓደኛዬ ተዋስኩና በንጋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አምቦን፣ ነቀምትን አልፈን ማታ ጊምቢ ስንደርስ ጀርባዬ የእኔ አልመስል አለኝ።

ማክሰኞ፣ ከጊምቢ አሶሳ

ቁርሴን ጨጨብሳ በማር በላሁ። ከነጆ ወዲያ ያለውን አቧራ ግን ማር አያጣፍጠውም። አጠገቤ የተቀመጡት ባምባሲ የሚነግዱ የወለጋ እናት ምን እንዳመጣኝ ጠየቁኝ። አንዱንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተናደድኩ፤ ግን ምን ይባላል? ባምባሲ ሲወርዱ በሁለት ብር አንድ ፌስታል ማንጎ ገዝተው ጭኔ ላይ ጣሉልኝ፤ ቂሜንም ረሳሁ። እስከ አሶሳ ቀርከሃውን እያየሁ፣ አገጬ እስኪርስ ማንጎ በላሁ።

ረቡዕ፣ እማማ ሐዋ ግቢ

በሽር አፍሮ ዓይኔን አላይ አለ። እማማ ሐዋ ግን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቅርበው፣ ሳልበላ ወሬ እንዳልጀምር ከለከሉኝ። ጠግቤ ስጨርስ፣ ለዛሬ ብቻ ሌላ ልብስ ቢለብሱ ነገሩ ሁሉ እንደሚቀል ነገርኳቸው።

«ይሄን ልብስ የሙሽራው እናት አለበሰችኝ» አሉ ቶባቸውን ይዘው። «እሱን አውልቄ ልጄን ብመርቅ፣ ምርቃት አይደለም፣ ጥል ነው። ሁለተኛ ጊዜ እመርቃለሁ። ሦስተኛ የለም። ሦስተኛው ልመና ነው።»

እንግዲህ የሚለወጠው ጨርቁ ነው፤ ያውም ባንድ ሙከራ። ከበሽር ጋር ገበያውን አሰስን። ያገኘነው ሰማያዊ ጨርቅ ጠባብ ስለነበር ልብስ ሰፊው ሁለቱን ወርድ ገጠመልን። ስፌቱ መሃል ላይ መስመር ሆኖ ቀረ። ግድ የለም፣ እማማ ሐዋ ይከልሉታል አልኩ። ራውዳ በከሰል ካውያ ጨርቁ ላይ አንድ ሽብሽብ ሳታስቀር ተኮሰችው፤ እያንዳንዷ ሽብሽብ ጥላ አላት፣ ጥላ ያለው ሰማያዊ ደግሞ ለኮምፒውተሩ ሌላ ቀለም ነው። ገመዱን ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ልንወጥር ነበር፤ በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚገባው ፀሐይ ጨርቁን ነብር አስመሰለው። ወደ ቤቱ ጥላ አዛወርነው። እማማ ሐዋን ከጨርቁ አራት እርምጃ አራቅኳቸው፤ ተጠግተው ቢቀመጡ ሰማያዊው ትከሻቸው ላይ ያንጸባርቃል። ፊታቸው እንዲፈካ በሽር ከጎን ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ቆመ። ሰማያዊ ነገር እንዳይኖርባቸው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር አየኋቸው። ያኔ ቀረጽኩ።

የመረቁት በበርታ ቋንቋ ነው፤ ከ«አላህ» እና ከ«ራውዳ» በቀር የገባኝ ቃል የለም። ግን አለቀስኩ። በሽርም አንሶላውን እንደያዘ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ሰማያዊው በአንዴ ጠፋ። ቶቡ ከነዘርፉ፣ ከነስስነቱ ቀረልኝ። እንዲያ አጥርቼ ቆርጬ አላውቅም፤ ተነስቼ መጨፈር ቃጣኝ። ራውዳ የመረጠችውን የአበባ መናፈሻ ከነፏፏቴው አስገባሁና እማማ ሐዋን ጠራሁ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«ይሄ የማን ቤት ነው?» አሉ። «እኔ እዚህ ሄጄ አላውቅም። ልጄ ሲናፍቃት የት ነው የምትፈልገኝ?»

ራውዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያም በቀስታ «ጋሼ፣ ግቢያችንን አስገባልኝ» አለች።

ሐሙስ

ካሜራው ከቆመበት ንቅንቅ አላደረግነውም ነበር። በማግስቱ፣ ጥላው እንዲገጥም በዚያው ሰዓት፣ ጨርቁን አውርደን ባዶውን ግቢ ቀረጽኩ፤ ማንጎውን፣ የቀርከሃውን አጥር፣ እማማ ሐዋ ለሶላት ውዱ የሚያደርጉበትን ማንቆርቆሪያ። ከኋላቸው አስገባሁትና ካሴት ላይ ገለበጥኩት። አንድ ቀን ሙሉ ግቢውን በጨርቅ ለመሸፈን ስታገል ውዬ፣ ያንኑ ግቢ መልሼ ተከልኩት። እማማ ሐዋ ካሴቱን እስከ መጨረሻ አዩና «አሁን ቤቴ ነኝ» ብለው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ራውዳ ካሴቱን ደረቷ ላይ ይዛ ወጣች።

አዲስ አበባ

ቅዳሜ ማታ አቧራዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ጨርቅ መተኮስና ሰውን ከጨርቁ ማራቅ ድሮም የማውቀው ነበር። ከኋላ ምን ይግባ ብሎ መጠየቅን ግን ከአሶሳ ተማርኩ፤ ዛሬም ከባለጉዳዩ ጋር የምጀምረው በእሱ ነው።

ከወር በኋላ ራውዳ ከካርቱም ደወለች። ቤቷ የመጣ ሰው ሁሉ ካሴቱን እንደሚያይ፣ አማቷም ማንጎውን እያሳዩ ለጎረቤት እንደሚያወሩ ነገረችኝ። ባሏ ግን አንድ ነገር አልገባውም።

«‹ይሄ አቀናባሪ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ምን ሠራ? እናትሽን ግቢያቸው አስቀምጦ ቀረጻቸው እንጂ› ይለኛል» አለችኝ እየሳቀች።

«ልክ ነው በይው» አልኳት።