አልጋ ልትጭን የመጣች ቴንደር

ይህ የሆነው ያለፈው ክረምት ሊገባ ሲል፣ እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ በሚባለው ሠፈር ውስጥ ነው። ሰው ቢረሳውም እኔ አልረሳውም፤ ከዚያ ጠዋት በኋላ እንጀራዬ የሆነችውን መኪና በሰው ደጅ ደፍሬ ማቆም አልቻልሁም። የምጽፈው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሌላ መልክ ስለያዘ፣ ያየ ሰው እንዳየው ይናገር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ልናገር። እዚህ አገር ቴንደር ይሏታል፤ ከፊት ሁለት ሰው የምታስቀምጥ፣ ከኋላ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና። እኔ በልጅነቴ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኜ ስመጣ እሷ ያን ጊዜም አርጅታ ነበር። የገዛኋት አትክልት ይሸጥ ከነበረ አንድ ሞሮኳዊ ሽማግሌ ነው። ቀለሟ አረንጓዴ፣ የኋላ ጎኖቿ እንጨት፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚለይ። መብራት ላይ ስቆም ወጣቶች መስኮት ዝቅ አድርገው ፎቶ ያነሷታል። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰውዬ ደግሞ ሽጥልኝ እያለ ነዝንዞኛል፤ ቀለም ቀብቶ ጥላ ሥር ሊያስቀምጣት። እኔ ግን መኪና የሚያምረው ሲሠራ ነው ባይ ነኝ። ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ ሲሚንቶ፣ ለዳስ በዓል እንጨትና ዘንባባ፣ ያልጫነችው የለም። በብርድ ጠዋት ለመነሣት ትንሽ ታስለምናለች እንጂ አንዴ ከተነሣች ጭነት አትመልስም።

ከኢትዮጵያ ለመጣነው ለወገኖቼ ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቁን ድስት ከጸሎት ቤቱ መጋዘን አውጥቶ ለቅሶ ቤት የምታደርሰው የእኔ ቴንደር ናት። በነጻ ነው የማደርገው፤ ጽድቅ ነው ብዬ።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። ዘመድ መሞቱ እየታወቀ “ትንሽ አሞታል” እየተባለ ይደበቅና፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጎሕ ሲቀድ ቤት ገብተው ያረዳሉ። እኔ በዚያ ሰዓት ድንኳኑን ጭኜ ከሕንጻው ጀርባ እጠብቃለሁ። ጩኸቱ ሲሰማ ብቅ እላለሁ። የደረሰ ሁሉ ሳይጠራም ሳይጠይቅም ወንበር ያወርዳል። በዚያ ሰዓት ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይሰማል።

ስለዚህ ቴንደሬን የማያውቃት የለም። ሌላዋ የአገሩ እናት ልጇ ወታደር ከሆነ መኮንኖች መርዶ ይዘው መጥተው በሯን እንዳያንኳኩ ትፈራለች። የእኛ እናቶች እኔንም ጨምረው ይፈራሉ።

የዚያን ለት የተጠራሁት ግን ለሙሽራ ነው። ሺሞን የሚባል እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ አለ፤ ያገባው በቅርቡ ነው። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከወላጆቹ ቤት ከሮቫ ዩድ ወደ ሮቫ ቴት ቫቭ እንዳደርስለት ፈለገ። ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ በማለዳ እንድመጣ ለመነኝ።

ጣጣው የመጣው ከዋዜማው ነው። ሮቫ ዛይን የነበረ ለቅሶ ስላበቃ ድንኳኑንና ወንበሩን ጭኜ ወደ መጋዘኑ ብመለስ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚይዙት ጋሼ ፈረደ ናቸው፤ በዕድሜ ታላቄ፣ በሠፈሩ ቃላቸው የሚሰማ ሰው። ብደውልላቸው “ዛሬ ጉልበቴን ይዞኛል፤ ነገ ታራግፈዋለህ” አሉኝ። ለሺሞን ደውዬ ዕቃ አለብኝ፣ ቀኑን እንለውጠው ስለው “ጋሼ፣ ኤን በዓያ፣ ችግር የለም። ወደ ፊት እንገፋቸዋለን፣ አልጋው ይበቃዋል” አለኝ። እሱ ምን ያድርግ፤ ለእሱ ወንበር ወንበር ነው።

ገና ሲነጋጋ ደረስሁ። ያካፋ ነበር። ከሕንጻው ጀርባ ቦታ ስላጣሁ ከዋናው መግቢያ ፊት ለፊት አቆምሁ። ሺሞን ወርዶ ቴንደሯን ዞሮ ዞሮ አያትና “ኤዜ ዮፊ! እንዴት ታምራለች! ጋሼ፣ ለሠርጌ ፎቶ እቺን አለማግኘቴ” አለ። ድንኳኑን ልብም አላለው። ሳቅሁና ተያይዘን አራተኛ ፎቅ ወጣን።

በዚያው ሕንጻ ምድር ቤት እማ ዝማም ይኖራሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ እሳቸው ክሊኒክ ውስጥ ጽዳት ይሠራሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ኢታይ ነው፤ እሱም ጻባ፣ ጦሩ ውስጥ ነው ያለው። የባላቸው ለቅሶ ለት ድንኳን ያመጣሁ እኔ ነኝ። ጎንደር የቀሩት የወንድማቸው መርዶ የተነገረ ለትም እኔው ነኝ። በዚያ ሰሞን ኢታይ ስልኩ ተዘግቶ እናቱ እንቅልፍ አጥተው ነበር። ይህን እኔ አላወቅሁም፤ ሕንጻው ግን በሙሉ ያውቃል።

እማ ዝማም ወደ ሥራ ሊሄዱ በር ከፈቱ። ቴንደሯን አዩ።

በኋላ እንደ ሰማሁት መጀመሪያ አልጮኹም። ተመልሰው ገቡ፣ ቦርሳቸውን አስቀመጡ፣ ሻሻቸውን ፈቱ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛ ላይ ሆነን የአልጋውን ብሎን እንፈታ ነበር። ጩኸቱን ስሰማ እጄ ቆመ። ይህን ጩኸት አውቀዋለሁ፤ ስንት ጎሕ ቁሜ ጠብቄዋለሁ። “ሰው ሞቷል” አልሁት ለሺሞን። ባዶ እጃችንን ከምንወርድ ብለን ፍራሹን በራሳችን ላይ ተሸክመን በደረጃው ወረድን።

ታች ስንደርስ ደጁ በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። የድንኳኑ ገመድ ተፈትቷል፣ ሁለት ጎረምሶች ብረቱን ማቆም ጀምረዋል። ጋሼ ፈረደ፣ ትናንት ጉልበቴን ያሉኝ ሰውዬ፣ ቴንደሬ ላይ ወጥተው ወንበር ያቀብላሉ።

ፍራሹን እንደ ተሸከምሁ “ጋሼ፣ ማን ነው የሞተው?” አልኋቸው።

እንደ ባለጌ አዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “የዝማም ልጅ ነዋ። ድንኳኑን ያመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ?” አሉኝ።

“ማን ነገረዎት?”

“ምን የሚነገር አለው? መኪናህ ቆማ አየናት።”

ፍራሹ ከራሴ ላይ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ እንኳ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ነው የሚያለቅሰው። የሚያውቅ ደግሞ ማንም የለ።

ሰው እየገፋሁ ገባሁ። እማ ዝማም ፊታቸውን ቧጥጠው ደም በደም ሆነዋል። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ “እማ፣ ማንም አልሞተም። እኔ አልጋ ልጭን ነው የመጣሁ። ወንበሩ ሳይራገፍ ያደረ ነው” አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። “ሙላት ልጄ፣ አትድከም” አሉ። “የወንድሜ ለትም ትንሽ አሞታል ብላችሁኝ ነበር።”

“እማ፣ በእናቴ አጥንት!”

“ያን ጊዜም ምላችሁልኝ ነበር።”

እውነታቸውን ነው፣ ምለን ነበር። ለደግ ብለን ነው። ሐዘንተኛ በድንገት እንዳይሰበር ብለን ስንዋሽ ኖረን፣ ያን ጠዋት እውነቱን ይዘን ብንመጣ የሚያምነን ጠፋ።

ሺሞን ሚሉኢም፣ ማለት የተጠባባቂ ጦር ግዳጅ፣ ሄዶ ስለሚያውቅ የሚደወልበትን ያውቃል። ወደ ጦሩ ደውሎ ጠየቀና መጥቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። “እማማ፣ ሁሉም በሴደር፣ ደኅና ነው። ምንም የደረሰ ነገር የለም አሉኝ” አላቸው። እማ ዝማም ግን “እነሱንም መዋሸት አስተማራችኋቸው?” አሉና ሙሾአቸውን ቀጠሉ። ቁመቱን፣ ሳቁን፣ በልጅነቱ አልበላም ብሎ የሚሸሸውን ሽሽት እየጠሩ፣ በቁሙ ላለ ልጅ ሙሾ አወረዱ። ውሸት መሆኑን የሰሙት ሴቶችም አልተነሡም። ብቻቸውን ማስለቀስ ነውር ነው ብለው አብረው ያለቅሳሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ። መውጣትም መቀመጥም አቃተኝ። እውነት ሞቶ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ እኔም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ ማመን አይቀርም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል የእማ ዝማም ስልክ ጮኸ። ኢታይ ነው። ከጓዶቹ ጋር ልምምድ ላይ ነበሩ፣ አለቆቻቸው ስልካቸውን ሰብስበውባቸው ነበር። ሴቶቹ ወደ ስልኩ ተጠጉ። እማ ዝማም ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ኢማ? ማ ቃራ? ምን ሆነሻል? ማን ነው ሲያለቅስ የሰማሁት?” ይላል ልጁ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው።

እናቱ ፊታቸውን በሻሻቸው ጠረጉና “ማንም አይደለም ልጄ። ጎረቤት ትንሽ አሟት ነው” አሉት።

ነገሩ እዚህ ላይ በእልልታ ማለቅ ነበረበት። ልጁ አለ፤ ምን ቀረ? ግን ያን ሁሉ እንባ ያፈሰሰ ሰው ማንን ይውቀስ? ራሱን አይወቅስማ። በሚቀጥለው ሰንበት ከጸሎት በኋላ ጋሼ ፈረደ ተነሡና “የለቅሶ ዕቃ ጭኖ በሰው ደጅ ማቆም ምን የሚሉት ድፍረት ነው?” አሉ። ዕቃው ለምን ሳይራገፍ እንዳደረ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እኔን ሳያዩ ነው የተናገሩት። አፌን ከፍቼ ነበር፤ ታላቅን በሕዝብ ፊት ማሳፈር አልሆንልኝ አለና ዘጋሁት። ለሰው ሞት አነሰው የሚሉት ያን ለት ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ቴንደሬ ገፊ፣ ሞት የምትጠራ ተባለች። ፍሪጅና ሶፋ ያስጭኑኝ የነበሩ ሰዎች “ሌላ መኪና አግኝተናል” ይሉኛል። የሺሞንን ቁም ሳጥን እንኳ የወሰደለት ሌላ ሰው ነው፤ እናቱ ስለፈሩ። አንዲት ሴት ለልጇ ሠርግ ጠረጴዛ አዝዛኝ “መኪናዋን ታች መንገድ ላይ ተዋትና በሸክም አምጣልኝ” አለችኝ። በሸክም አመጣሁላት። ሰው ሲሞት ግን ስልኬ ሳይነጋ ይጮኻል። ያን ጊዜ ገፊ የሚላት የለም፤ ያን ጊዜ “ሙላት ወንድማችን፣ ቶሎ ድረስልን” ነው። አሮጌ መኪና የሚሰበስበው ሰውዬ መልሶ ደውሎ ነበር። ልሸጥለት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን ድንኳኑን ማን ይጭናል ብዬ ተውሁት። እንዲህም ሆኜ የማስበው ለእነሱ ነው፤ ሞኝነቴ እኔንም ያናድደኛል።

ክፉ ያልወጣቸው እማ ዝማም ብቻ ናቸው። ሹክ፣ ገበያው ውስጥ ስንገናኝ ጉንጬን ስመው የቤተሰቤን ደኅንነት ይጠይቁኛል። እየጠየቁኝ በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን ያያሉ። ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። “ሩቅ ነው ያቆምኋት፣ እማ” እላቸዋለሁ። ያን ጊዜ ትንፋሻቸው ይመለሳል።

እንዲህ እንዲህ እያልሁ፣ ሰዉን ሁሉ ተቀይሜ ከረምሁ። እውቀት የሌለው ሕዝብ፣ ብረት የሚፈራ ሕዝብ እያልሁ ለባለቤቴ አማርር ነበር። እሷም እውነትህን ነው ትለኝ ነበር።

ዘንድሮ የመጀመሪያ ልጃችን ጻባ ገባች። ቦርሳዋን ተሸክማ ከሄደች ጥቂት ቀን እንኳ ሳይሞላ፣ ባለቤቴ እራት አቀረበችልኝና ሳትበላ ተቀመጠች። “ሙላት” አለችኝ፤ “ቴንደሯን ከደጃችን አታርቃትም?”

ልጆቻችንን ያሳደገች መኪና ናት። ባዶዋን አይደል የቆመች፣ ምን አደረገችሽ ልላት ነበር። አላልሁም። ቁልፉን አንሥቼ ወጣሁ፤ ከሠፈሩ ወዲያ፣ ጋራዦቹ አጠገብ አቆምኋትና በእግሬ ተመለስሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በር ስከፍት መጀመሪያ የማየው እሷ ትቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ነው። ሳየው ደስ ይለኛል። ከሁሉም የመረረኝ ይኸ ነው።