ዘነበችና የአባቴ መርጫ

ባለፈው ቅዳሜ ጳውሎስ አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ ዘነበችን አገኘኋት። ሸብታለች፤ ፈገግታዋ ግን ያው ነው። ገና ስማኝ ሳትጨርስ፣ "አባባ እንዴት ናቸው? ሰላም በያቸው፤ እሺ?" አለችኝ። "እሺ" ብያት ታክሲ ውስጥ ገባሁ።

ያኔ ጉለሌ ወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ እናለማ ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ትሉ ጎመኑን ወንፊት አስመሰለው። የአትክልት አምራቾች ማህበራችንም፣ ሁሉም እንደፈለገ መድኃኒት መርጨቱ ቀርቶ ለሁላችን የሚረጭ አንድ ሰው እንዲመረጥ ወሰነ። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ዘነበች ቀረብን። ማህበሩ ለረጪው የገዛው ቦቲና ጭንብል ለእኔ እንደሚሰጥ አልተጠራጠርኩም፤ ከወንዙ ዳር ሰው ሁሉ ብዙ የረጨው አባቴ ነዋ!

በማህበሩ ሊቀመንበር ፊት የመድኃኒት መርጫ ውሃ ብቻ ተሞልቶ ተፈተንን። የእኔ መርጫ ጫፉ በአፈር ተደፈነ። አባቴ ሲያደርግ እንዳየሁት ነቅዬ በአፌ እፍ አልኩበት። ዘነበች የእሷ ሲደፈን አጥባ በሰንበሌጥ ጠረገችው።

"በቃ፣ ዘነበች ትሁን" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ውሃ እኮ ነው!"

"ነገ ውሃ አይደለማ፣ ልጄ።"

ይህንስ እችለው ነበር። በሳምንቱ ግን ቤታችን መጣች። አባቴ ለዓመታት ያስል ነበር። "አባዬ፣ መርጨቱን ተወው" ብዬ ስንቴ አልቅሻለሁ! "ጉንፋን ነው" ይለኝ ነበር። ዘነበች "አባባ፣ እስካሁን የዋጡት መርዝ ይበቃል፤ ለእኔ ይተዉልኝ" ስትለው ግን መርጫውን ከትከሻው አወረደላት። ሲመርቃት ደግሞ፣ "እንዳንቺ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ" አላት። እኔ እዚያው በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ከዚያ ወዲያ በረጨችው መደብ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስራለች፤ መርዙ ለቋል ብላ እሷ ሳትፈታው ጎመን አይቆረጥም። ጾም ሊያዝ ሲል ነጋዴ ደጃችን ቆሞ እንኳ አባቴ "ዘነበች ሳትል?" ይል ነበር። የገዛ ጎመናችን!

ሳሉ በዚያው በጋ ለቀቀው። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጠልቻት አርፍ ነበር። ደግ ሰው ላይ የሚቀና መድረሻ የለውም።

ያን ቅዳሜ ቤት ስገባ አባዬ ደጅ ፀሐይ ይሞቃል። ዘጠና ሊሞላው ነው፤ ትንፋሹ የጎረምሳ ነው።

"ከሰፈር ሰው ማንን አገኘሽ?" አለኝ።

"ማንንም" አልኩት።