አባቴን ቆልፎባቸው የሄደው አጎቴ

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ አባባ ከውስጥ ሆነው በር ይደበድባሉ... በሩ ከውጭ ተቆልፏል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ እንኖር ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ። አባባ ዕድሜያቸውን የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ነው የኖሩት፤ የባለጉዳይ ስም ከነአያቱ በቃላቸው ይይዙ ነበር።

የቆለፈባቸው የገዛ ታናሽ ወንድማቸው፣ አጎቴ በላቸው ነው። («እሳቸው» ማለቱን የተውኩት ተሳስቼ አይደለም።) ጠዋት አባባ ኤረር በር ወርደው፣ አትክልት ሻጮቹን ፊታቸው አቁመው «ከሳሽ ይቅረብ!» ሲሉ አገኛቸው።

«አዋረደን እኮ! እኔ በዚህ ከተማ የተከበርኩ ሰው ነኝ!» አለኝ፣ ማታ ቤቱ ሄጄ ስጠይቀው። ስለ ክብሩ ግማሽ ሰዓት ሰበከኝ። ወንድሙ ምሳ ይብሉ አይብሉ ግን አላወቀም።

ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ናቸው የነገሩኝ። «ወላሂ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲጣሩ ነበር። ውሃ በመስኮት አቀበልኳቸው።»

በነጋታው ሆስፒታል ወሰድኳቸው። አጎቴም ተከተለን... ለሐኪሙ «መጠጥ ነው እንዲህ ያደረገው» ሊል! አባባ ጠጅ እንኳ አይቀምሱም።

ሐኪሙ አልሰማውም። ግፊታቸውን ለካ፣ አስነሥቶ አራመዳቸው፣ ቀኑንና ወሩን ጠየቃቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ቀስ በቀስ ነው የመጣባቸው?»

«አይ፣ በአንዴ ዝቅ ይላሉ... ከዚያ ለወራት እንደዚያው ይቆያሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዝቅታ። አምና አፋቸው ጠመም ብሎ በሳምንቱ ተመልሶ ነበር።»

«ግፊታቸው በጣም ከፍተኛ ነው» አለ። «አንጎል ውስጥ ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች እየተዘጉ ነው። የተጎዳው አይመለስም። ግፊቱን ካወረድነው ግን የቀረውን እናቆየው ይሆናል።»

ቀጥሎ ወደ አጎቴ ጠቆመ። «እኚህን ያውቋቸዋል?»

አባባ ትክ ብለው አዩት...

«እንዴታ! የወህኒው ዘበኛ ነው። ስሙ ግን ጠፋኝ።»

አጎቴ ደም መሰለ። ሐኪሙ ቀና ሳይል «ስም መርሳቱ ከበሽታው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ኑሯችን ክኒን፣ ጨው የሌለው ወጥና የቀን ጠባቂ ሆነ። እኔ ሳስተምር አዴ ዘይነባ ግቢ ይውላሉ። ከሰዓት እጃቸውን ይዤ እስከ ፈረስ መጋላ እናዘግማለን። አንዳንድ ቀን «አንቺ ደግ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ይሉኛል። «የእርስዎ» ስላቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። አጎቴ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም።

ለቅሶው ላይ ግን ከሁላችን በላይ ጮኸ፤ ደረቱን ደቃ፣ ሁለት ሰው ደግፎ ያዘው። ለቀስተኛው «አይ ወንድም!» ሲል ሰማሁ። አዴ ዘይነባን አየኋቸው፣ እሳቸውም አዩኝ...

በአባቴ ለቅሶ ላይ እንዳልስቅ ድንኳኑን ጥዬ ወጣሁ።